ደንበኛው «ሁሉም ይጻፍልኝ» ሲል

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ የሱቅ ባነር ለምትሠሩ፦ ደንበኛው 3 በ1 ሜትር ላይ የዕቃው ዝርዝር በሙሉ ይግባ ካለ አትከራከሩት፤ አሳዩት። ከ30 ሜትር በምቾት እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የሱቁን ስም በዚህ ልክ፣ አንድ ፊደል በአንድ ኤ4፣ ከሥሩም ዝርዝሩን ሁሉም ሲገባ በሚኖረው ልክ አትማችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ ያንብበው። የእኛ ፊደል ሲያንስ ቶሎ ይደበላለቃል፤ «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በትንሿ ጭረት ቦታ ብቻ ነው። ቀለሙን ግን እሱ ይምረጥ፣ ሱቁ የሱ ነው። በአረንጓዴ ላይ ቀይ ከፈለገ በፊደሉ ዙሪያ ነጭ መስመር ጨምሩ። ስልክ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁና ከመታተሙ በፊት ናሙናው ላይ ይፈርም።