የኬሚስትሪ ባለሙያ የራሱን በረኪና ማምረቻ እንዴት ይጀምራል?

በኬሚስትሪ ተመርቆ የራሱን ሥራ ሊጀምር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የፈሳሽ ሳሙና አሠራር ከመፈለግ ነው። አሠራሩን ግን ጥሬ ዕቃውን የሚሸጥልዎ ነጋዴ ራሱ በነጻ ይነግርዎታል፤ ኬሚስትሪ ደጅ ያልደረሰ ሰውም በአንድ ቀን ይለምደዋል። እርስዎ ከዚህ ሰው የሚበልጡት መለካት በመቻልዎ ነውና ልኬት ገንዘብ የሚያወጣበትን ምርት ይምረጡ። በእኔ ግምት ለዚህ ከበረኪና የተሻለ የለም። በየቤቱ፣ በየሆቴሉና በየክሊኒኩ ይፈለጋል፤ ዓይን ደግሞ ጠንካራውን ከደካማው መለየት አይችልም።

1. ገበያውን በቡሬት ይፈትሹ

ፈቃድም ማሽንም ከማሰብዎ በፊት ከተለያዩ ሱቆች የተለያየ ስም ያላቸውን በረኪናዎች ገዝተው ይለኩ። የሚያስፈልግዎ ቡሬት (ፈሳሽ በጠብታ የሚያወርድ ባለ ልኬት ቱቦ)፣ ፒፔት (የተወሰነ መጠን መቅጃ ቱቦ)፣ ፖታሲየም አዮዳይድ፣ አሴቲክ አሲድ፣ ስታርችና 0.1 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ብቻ ነው። ታዮሰልፌቱ ሲቆይ ልኩን ስለሚለውጥ በፖታሲየም አዮዴት ሳያረጋግጡ አይመኑት።

ከበረኪናው 10 ሚሊ ሊትር ወስደው በተጣራ ውኃ 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ወደ ኮኒካል ፍላስክ ይግባ፤ የያዙት ከዋናው በረኪና 1 ሚሊ ሊትር ነው ማለት ነው። መጀመሪያ 1 ግራም ያህል ፖታሲየም አዮዳይድ፣ ቀጥሎ 10 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ ይጨምሩ። ቅደም ተከተሉን ካዛቡት ክሎሪኑ ወደ አፍንጫዎ፣ ስሕተቱ ወደ መዝገብዎ ይሄዳል። ፈሳሹ ወዲያው ቡናማ ይሆናል። ታዮሰልፌቱን እያንጠባጠቡ ቀለሙ እንደ ገለባ ሲፈዝ ስታርች ያክሉ፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ፣ ጠብታ በጠብታ፤ ሰማያዊው ድንገት ሲጠፋ ያቁሙ።

እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ታዮሰልፌት 3.722 ሚሊ ግራም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (የበረኪናው ዋና ንጥረ ነገር) ያህላል። 13.4 ሚሊ ሊትር ከፈጀ 49.9 ሚሊ ግራም ተገኘ፤ በረኪናው 5 በመቶ ነው። 6.7 ብቻ ከፈጀ ደግሞ ግማሹ የለም። ቁጥሮቹን ከምርቱ ስምና ከተገዛበት ቀን ጋር ይመዝግቡ። የለኳቸው ምርቶች ሁሉ መለያቸው ላይ የተጻፈውን ያህል ሆነው ከተገኙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ምርት ማሰብ ይሻልዎታል።

2. ደንበኛዎን አስቀድመው ይለዩ

የሰፈር ሱቅ የሚጠይቅዎ ዋጋ ብቻ ነው፤ በዚያ በኩል ገብተው ከርካሹ ጋር አይጋፉ። ክሊኒክ ግን ሌላ ነው። የጤና ተቋማት ለማጽጃ የሚጠቀሙበትን 0.5 በመቶ የክሎሪን ውሕድ ከ5 በመቶ በረኪና ሲያዘጋጁ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ይቀላቅላሉ። በረኪናው 2.5 በመቶ ከሆነ ነርሷ ደንቡን አክብራ 0.25 በመቶ ታገኛለች፤ ደም የፈሰሰበትን ወለል በዚያ ትጠርጋለች፤ የሚያስጠነቅቃት ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ ናሙናና የልኬት ውጤት ይዘው ይሂዱ። የልብስ ንጽሕና ቤቶችም በተቃራኒው ምክንያት ይፈልጉዎታል፤ ከሚገባው በላይ የጠነከረ በረኪና አንሶላ ያበላሻል።

3. ጥሬ ዕቃውንም ይለኩ

ሃይፖክሎራይቱን ራስዎ ለማምረት አይሞክሩ፤ የክሎሪን ጋዝ የጀማሪ ሥራ አይደለም። በጀሪካን የሚሸጠውን ጠንካራውን ገዝተው ማቅጠን ይበቃል። ለምሳሌ ጀሪካኑ 12 በመቶ ይላል፤ ሲለኩት 9.2 ሆነ እንበል። 100 ሊትር የ5 በመቶ በረኪና ለማውጣት 54.3 ሊትር ወስደው በውኃ 100 ይሞላሉ። ጽሑፉን አምነው 41.7 ሊትር ብቻ ቢወስዱ ኖሮ የሚያገኙት 3.8 በመቶ ነበር። ብዙው ደካማ በረኪና የሚወለደው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ ሁሉም አጭበርባሪ አይደለም።

ጠንካራው ሃይፖክሎራይት ከቀጠነው እጅግ ፈጥኖ ይበላሻል፤ መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ የመበላሸት ፍጥነቱ ቢያንስ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ጀሪካን አያከማቹ፤ እንደመጣ ያቅጥኑት። ብረት፣ መዳብና ኒኬል ብልሽቱን ያፋጥናሉና ውኃዎ ከብረት የጸዳ፣ በርሜልዎና ማማሰያዎ ፕላስቲክ ይሁኑ። ፒኤቹ (የአሲድነቱና የአልካላይነቱ ልክ) ከ11 እንዳይወርድ ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ይጨምሩ፤ ሶዳው ወደ ውኃ ይግባ እንጂ ውኃ በሶዳው ላይ አይፍሰስ።

መነጽር፣ ጓንትና ነፋስ የሚገባበት ክፍል የግድ ናቸው። አሲድ ያለበት ማናቸውም ነገር፣ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃም ቢሆን፣ በዚያ ክፍል አይቀመጥ።

4. ጠርሙሱ

ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ይግዙ። በረኪና ሲቆይ ኦክስጅን ስለሚለቅ ክዳኑ ጥቂት የሚያስተነፍስ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጠርሙሱ በመደርደሪያ ላይ ያብጣል። በሃይላንድ ጠርሙስ መሸጥ ፈጽሞ አይታሰብ። ውኃ መስሎት ሕፃን ይጠጣዋል፤ ይህን ለማስረዳት ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። መለያው ላይ መጠኑ፣ የተመረተበት ቀን፣ አቀጣጠኑና “ከአሲድ ጋር አይቀላቀልም” የሚለው ማስጠንቀቂያ በጉልህ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ።

5. ፈቃድና ስም

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው፤ ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጀምራሉ። የማምረቻ ቤት ከመከራየትዎ በፊት ቦታው ለኬሚካል ሥራ የሚፈቀድ መሆኑን ከወረዳውና ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ኪራይ ከፍሎ ፈቃድ መከልከል የተለመደ ኪሳራ ነው። የምርትዎን ስም በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይችላሉ። “ጀርም ይገድላል” ብለው ከመጻፍዎ በፊት ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ያማክሩ፤ አንዲት ቃል ምርትዎን ወደ ሌላ የቁጥጥር መደብ ልታዛውረው ትችላለች።

6. ዋጋው

የሚያስወጣዎት ፈሳሹ እንዳይመስልዎ። ጠርሙስ፣ ክዳን፣ መለያና ማጓጓዣ አንድ ላይ ሲደመሩ ብዙውን ጊዜ ከፈሳሹ ይበልጣሉ። ለዚህም ክሊኒክና ሆቴል በ20 ሊትር ጀሪካን ወስደው ባዶውን ቢመልሱ ለሁለታችሁም ይቀላል። ትልቁ ችግር ዱቤ ነው፤ እነዚህ ደንበኞች አምሽተው ይከፍላሉ፣ የጥሬ ዕቃ ነጋዴው ግን እጅ በእጅ ነው የሚፈልገው። ቢያንስ የሁለት ወር ጥሬ ዕቃ መግዣ ሳይዙ አይጀምሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ከፍለው ሁለተኛ እስኪያዝዙ ድረስም የወር ደመወዝዎን አይልቀቁ። ማታና ቅዳሜ የሚሠራ ሥራ ነው።

7. ናሙና ማስቀረት

ከእያንዳንዱ ቅንብር ሁለት ጠርሙስ ቀን ጽፈው ያስቀሩ፤ አንዱን ጥላ ውስጥ፣ ሌላውን ሙቀት ባለበት ክፍል። በየወሩ ከሁለቱም ይለኩ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ብልሽቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን ለአዲስ አበባ የሚሠራ የመጠቀሚያ ጊዜ ለድሬዳዋ ወይም ለሰመራ አይሠራም። በመለያው ላይ የሚጽፉትን የማብቂያ ቀን ከዚህ መዝገብ ይውሰዱ እንጂ ከጎረቤት ጠርሙስ አይቅዱ። ምርቱ በማብቂያው ቀን 5 በመቶ እንዲሆን ከፈለጉ ሲያመርቱት ከዚያ ከፍ አድርገው ይጀምሩ፤ በምን ያህል እንደሆነ ወርኃዊ ልኬቱ ይነግርዎታል።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ሌሎች አነስተኛ አምራቾች “የእኔንም ለካልኝ” ማለታቸው አይቀርም። ለራሳቸው መረጃ ሲሆን በክፍያ ይለኩላቸው። ለጨረታ ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀርብ የምርመራ ወረቀት ግን በአይኤስኦ 17025 (የላቦራቶሪዎች ብቃት ዓለም አቀፍ መስፈርት) ዕውቅና ካገኘ ላቦራቶሪ የሚወጣ ነውና ወደዚያው ይላኳቸው፤ በራስዎ ማኅተም አይስጡ።