መራመድ ለቆረጠ ልጅ፦ በግቢ የሚሠራ የመለማመጃ አግዳሚ

እግሩ የደከመ ልጅ ወንበርና ግድግዳ እየያዘ ለመቆም መታገል ከጀመረ ጥንድ አግዳሚ ሊሠራለት ይገባል፤ ግራና ቀኝ ይዞ በመካከሉ የሚመላለስበት። ሐኪም ቤት ያለው ከብረት ነው፣ ባህር ዛፍም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ብቻ አስቀድሞ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ይየው። በተለይ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ልጅ የዳሌው መገጣጠሚያ ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይታይ ማቆም አደጋ አለው።

3 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችና ስድስት ቋሚዎች ይበቃሉ። እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባህር ዛፍ እየደረቀ ሲሄድ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። የሚያዘው እንጨት ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ትንሽ እጅ ጨብጦ ካልያዘው በክርኑ መደገፍ ይለምዳል። ልጣጩን አንስታችሁ ጉጡን ላጉ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ቋሚዎቹ 50 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይግቡ። የሚቀበረውን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍታው ላይ ነው። ልጁ ጫማውን አድርጎ፣ እጁን ወደ ታች ለቆ ሲቆም አግዳሚው የእጅ አንጓው ላይ መድረስ አለበት። መቆም ካልቻለ በጀርባው አስተኝታችሁ ከተረከዙ እስከ አንጓው ለኩ፣ የጫማውንም ሶል ደምሩበት። ከፍ ካለ ትከሻው ወደ ጆሮው ይሰቀላል፣ ክብደቱንም እግሩ ሳይሆን ክንዱ ይሸከመዋል። ዝቅ ካለ ደግሞ ወገቡን አጥፎ እንደ ሽማግሌ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት ከዳሌው በግራም በቀኝም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢተርፍ በቂ ነው። ልጅ ያድጋልና አግዳሚውን በምስማር አትምቱት፤ ከፍ ዝቅ እንዲል በገመድ ወይም በከመነዳሪ ቁራጭ አጥብቃችሁ እሰሩት። በየሦስት ወሩ እንደገና ለኩ።

መጀመሪያ እርምጃ አትጠይቁት። ቆሞ ክብደቱን ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር ይልመድ፤ አንዱ እግር ሳይሸከም ሌላው አይነሳም። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። «እኔ ራሴ» የሚል ልጅ ደክሞትም አያቆምም፤ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን በዚያ ቀን የሚማረው የተበላሸ አረማመድ ብቻ ነው፣ አስቀምጡት። በአግዳሚው ጫፍ ዱካ ብታኖሩ ራሱ ደርሶ ይቀመጣል። ያም ለእሱ ትልቅ ድል ነው።

መርዳት ካስፈለገ ከኋላ ሆናችሁ ዳሌውን ያዙ። እጁን ይዞ መጎተት ሚዛኑን ይወስድበታል። እግሮቹ እንደ መቀስ የሚጠላለፉ ከሆነ በመሃል 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጣውላ በጠርዙ አቁማችሁ በርዝመቱ ዘርጉ፤ ሁለቱን እግር ለይቶ ያስኬደዋል። ተረከዙ መሬት የማይነካውን ልጅ በጉልበት አትጫኑት፣ የእግሩ መሃል ሊሰበርና ሊቆለመም ይችላል። እሱ የሕክምና ጫማ ወይም ጀሶ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ አካባቢ ያለ ቤተሰብ መናገሻ የሚገኘውን፣ አካል ጉዳተኛ ልጆችን የሚረዳውን የቼሻየር ማዕከል መጠየቅ ይችላል።

እግሩ ስሜት የሌለው ልጅ፣ ለምሳሌ የጀርባው አከርካሪ ሳይገጥም ክፍተት ይዞ የተወለደ፣ ቁስል ሳያመው ይራመዳል። ከልምምድ በኋላ ሁልጊዜ ጫማውን አውልቃችሁ እዩ፤ ቅላቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ጫማው እስኪስተካከል ልምምዱ ይቁም።

ወንድምና እህት እርምጃውን ይቁጠሩለት፣ አያንሱት። ሲወድቅ ለመነሳት ራሱ እስኪሞክር ጥቂት ጠብቁ፤ እናት ይህ ይከብዳታል፣ ግን መነሳትም እንደ መራመድ የሚለመድ ነገር ነው። በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ሳይደገፍ ከጫፍ ጫፍ መመላለስ ሲችል ከአግዳሚው ወጥቶ ወደ ክራንች ወይም ወደሚገፋ መራመጃ ይሸጋገራል።