የቁራውን ላባ አጥሩ፣ ሰማዩን ተዉት

ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ቁራ ፎቶ ያነሳችሁ ሁሉ ይህን ሞክሩ። ማጥሪያውን (ጠርዞችን ጥርት አድርጎ የሚያወጣውን «ሻርፕኒንግ») በመላው ምስል ላይ አትልቀቁት፤ ሰማዩ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በሆነው ላይትሩም ላይ፣ በማጥሪያው ክፍል ያለውን «ማስኪንግ» የሚለውን መቆጣጠሪያ ከቁልፍ ሰሌዳው «ኦልት»ን ተጭናችሁ ወደ ቀኝ ጎትቱ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ነጩ የሚጠራው፣ ጥቁሩ የማይነካው ነው። መነሻው 0 ስለሆነ መጀመሪያ ሁሉም ነጭ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 እወስደዋለሁ፤ ዓይኑ፣ ምንቃሩና የክንፉ ጠርዝ ብቻ ነጭ ሆነው ሲቀሩ አቆማለሁ።

ይህ ምንቃረ ወፍራም የደጋ ቁራችን ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ምስሉን መቶ በመቶ አጉልታችሁ ጥቁሩ ነጩን የሚነካበትን መስመር እዩ፤ እዚያ ላይ የሚያበራ ክር ከታየ ማጥሪያውን አብዝታችኋልና መጠኑን ቀንሱ። በጥቁር ውስጥ የተዋጠ ላባ ቢያጠሩትም አይታይም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጥላውን ጥቂት አብሩት፤ ሲበራ ብቅ የሚለውን ነጠብጣብም አለስልሱ። ትኩረቱ ዓይኑን ከሳተ ግን ምንም ማጥሪያ አይመልሰውም፣ ሌላ ፎቶግራፍ ምረጡ።