ገና እና የቻይና ባህል በአንድ ቤት፦ አሳዳጊ ቤተሰቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ልጆቿን ለውጭ አገር ቤተሰቦች በጉዲፈቻ ስትሰጥ ቆይታ በ2024 በሩን ዘጋችው፤ የቀረው ለቅርብ ዘመዶች ብቻ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከ80 ሺህ በላይ የሚሆኑት ልጆች አሜሪካ ገብተዋል፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የእኛም ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ እስኪከለክለው ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ስለ ቻይና ልጆች ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያዊ ልጃቸው ብለው ታኅሣሥ 29ን የሚያከብሩ ፈረንጅ ቤተሰቦችን የምታውቁ ካላችሁ ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል።

በብዛት የማየው ስህተት የቻይናን አዲስ ዓመት ጎትቶ አምጥቶ ገና ላይ መለጠፍ ነው። ድራጎኑ፣ ቀይ ፋኖሱ፣ የዓመቱ እንስሳ፣ ሁሉም ዲሴምበር 25 ላይ ይከመራል። አዲስ ዓመቱ እኮ የራሱ ቀን አለው! በጨረቃ ስለሚቆጠር ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ በ2026 ለምሳሌ ፌብሩዋሪ 17 ነው። እሱን ለቀኑ ተዉት። ለገና ሰሞን የሚሆን በዓል ቻይናውያን ራሳቸው አላቸው፣ ዶንግዢ ይባላል። ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ በሚያጥርበት፣ ዲሴምበር 21 ወይም 22 አካባቢ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ትኩስ ነገር ይበላል። በሰሜን ጂያውዙ የሚባለውን በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋና አትክልት ይቀቅላሉ፣ በደቡብ ደግሞ ታንግዩዋን የሚባለውን ከሩዝ ዱቄት የተድቦለቦለ ጣፋጭ።

ታንግዩዋን ከልጆች ጋር ለመሥራት በጣም ይመቻል። ከእስያ ግሮሰሪ የሚያጣብቀውን የሩዝ ዱቄት ግዙ፤ ተራው የሩዝ ዱቄት አይያያዝም። በሞቀ ውሃ እንደ ጆሮ ጫፍ እስኪለሰልስ አሹት። ትንሽ ቆንጥራችሁ በአውራ ጣት መሀሉን ጎድጎድ አድርጉና ከስኳርና ከቅቤ ጋር የተፈጨ ጥቁር ሰሊጥ ጨምሩበት፣ ዘግታችሁ በመዳፍ አድቦልቡሉት። የፈላ ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ይሰምጣል፣ ሲበስል ራሱ ይንሳፈፋል። ከዚያ ዝንጅብልና ስኳር ባለው ትኩስ ውሃ ይቀርባል። የልጅቷ ወንድሞችም፣ አያትየዋም አብረው ያድቦልቡሉ። ገና ሊደርስ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው እንዲህ ያለ አንድ ምሽት ካለ፣ ገናው ላይ ምንም መለጠፍ አያስፈልግም።

ሌላው ስህተት ቻይናን እንደ አንድ ሰፈር ማየት ነው። የሁናን ሰው ያለ ቃሪያ አይሆንለትም። የጓንግዶንግ ሰው እንፋሎት የነካውን ለስለስ ያለ ምግብ ይወዳል፣ ብዙው ቤት ውስጥ የሚናገረውም ካንቶኒዝ የሚባለውን ቋንቋ እንጂ የአገሪቱን ዋና ቋንቋ ማንዳሪንን አይደለም። ልጃችሁ ከየት ክፍለ ሀገር እንደመጣች ወረቀቱ ላይ አለ፤ ከዚያ ጀምሩ። ፎርቹን ኩኪ የሚባለውን፣ ውስጡ የዕድል ጽሑፍ ያለበትን ብስኩት ገዝቶ ማቅረብማ ጭራሽ ቻይናን አይነካም፣ እሱን ካሊፎርኒያ ውስጥ ያስፋፉት ጃፓናውያን ስደተኞች ናቸው።

ልጅቷን ማሳያ ማድረግ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው። ሁሉም ሰው ሹራብ ለብሶ እሷ ብቻ ቺፓዎ የሚባለውን የቻይና የሐር ቀሚስ ለብሳ ዛፉ ሥር ትቆማለች፣ ዘመድ ሁሉ ስልኩን ያወጣል። አምስት ዓመቷ ሳለ ደስ ብሏት ይሆናል። አሥራ ሁለት ሲሞላት ያው ልብስ በገዛ ቤቷ እንግዳ ያደርጋታል። ጠይቋት። አልፈልግም ካለች አለቀ፣ ለምን ብላችሁ አትጨቅጭቋት። የዚያ ዓመት ገና ያለ ምንም የቻይና ነገር ቢያልፍም ችግር የለውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ራሷ ልታመጣው ትችላለች።

ስጦታ ላይ የሚፈጠሩት ስህተቶች በቀላሉ ይታረማሉ። ገንዘብ በቀይ ፖስታ ይሰጣል፣ በነጭ አይደለም፤ ነጭ የለቅሶ ነው። ብሩ አዲስ ይሁን፣ በሁለት እጅ ይሰጥ፣ አራት ቁጥር ያለበት መጠን አይሁን። የግድግዳ ሰዓት ለስጦታ አይገዛም። ቾፕስቲክም ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ አይተከልም፣ ለሙታን የሚጤሰውን እጣን ያስታውሳልና።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ገና ሰው ሁሉ ስለ ቤተሰብ የሚያወራበት ሰሞን ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ወላጅ እናቷ የት እንዳለች አታውቅም። የልደት ቀናቸው እንኳ በግምት የተጻፈላቸው ብዙ ናቸው። ሳቋ ድንገት ሲጠፋ «ምን ጎደለሽ?» አትበሏት። ዘመዶችንም አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፦ «እድለኛ ነሽ» ማለት የለም፣ «ለምን ጣሉሽ?» የሚል ጥያቄም ማዕድ ላይ አይነሳም። እናንተም የማታውቁትን ታሪክ አሳምራችሁ አትንገሯት። እናትሽ ስለምትወድሽ ነው የሰጠችሽ ካላችኋት፣ የሚወዱኝ ሰዎች ይሰጡኛል ማለት ነው ብላ ልትፈራ ትችላለች። የምታውቁትን በዕድሜዋ ልክ ንገሯት፦ እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ እስከ 2015 ብዙ ቤተሰብ ከአንድ ልጅ በላይ እንዳይወልድ መንግሥት ይቆጣጠር ነበር፣ ቅጣቱም ከባድ ነበር፣ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ወንድ ልጅ ይፈልግ ነበር። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ማልቀስ ከፈለገች ገና ነው ብላችሁ አትከልክሏት።

በመጨረሻ፣ ዕቃ ገዝቶ ባህል አመጣሁ ማለት። የፓንዳ ጌጥ ዛፉ ላይ መስቀል አይከፋም፣ ግን ሱቅ ውስጥ ያለው የገና ጌጥ እኮ አብዛኛው ከቻይናዋ ዪዉ ከተማ የመጣ ነው፤ የሳንታው ኮፍያም ጭምር። ልጅቷ የሚያስፈልጋት ሰው ነው። በከተማችሁ የቻይናውያን ቤተ ክርስቲያን ካለ የገና ዋዜማን እዚያ አሳልፉ። ዩኒቨርሲቲ ካለ ደግሞ ዶርም ሲዘጋ መሄጃ የሚያጡ የቻይና ተማሪዎች አይጠፉም፣ ከኖቬምበር ጀምራችሁ ጠይቋቸውና ዶንግዢን አብራችሁ ብሉ። ልጃችንን አስተምሩልን ብላችሁ ግን አታስጨንቋቸው፤ ፈተና ጨርሰው የደከማቸው ልጆች ናቸው፣ ይብሉ፣ ይጫወቱ፣ ከፈለጉም ሶፋው ላይ ይተኙ።