የቻርቲስት መሪዎችን ሳያምታቱ ለማወቅ

ስለ ቻርቲስቶች ማንበብ ስጀምር ስሞቹ ሁሉ ተደበላለቁብኝ። እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ በብሪታንያ «የሕዝብ ቻርተር» በተባለ ባለ ስድስት ነጥብ ሰነድ ለሠራተኛው ወንድ ሁሉ የመምረጥ መብት የጠየቁ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ መሪዎቹ መብቱን «በምክር» እና «በጉልበት» እናገኛለን የሚሉ ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ። ከዚያ አትጀምሩ፤ እኔን ያደናገረኝ እሱ ነው።

ወረቀት ውሰዱ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ሁለት ነገር ጻፉ፦ በምን ይተዳደር ነበር? ለትግሉስ ምን ከፈለ?

ዊልያም ላቬት አናጺ ነው። ቻርተሩን በማርቀቅ ዋናው እሱ ነበር፤ አንድ ዓመት ታሰረ። ጆን ፍሮስት ጨርቅ ነጋዴና በዌልስ የምትገኘው የኒውፖርት ከተማ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው። በ1839 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አስከትሎ ኒውፖርት ገባ። ወታደሮች ተኮሱ፣ ወደ 20 ሰው ሞተ። እሱም ሞት ተፈርዶበት ቅጣቱ ወደ አውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ ግዞት ተለወጠለት።

ዊልያም ከፊ ላይ ግን አትቸኩሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ አባቱ በካሪቢያኗ ደሴት በሴንት ኪትስ ባሪያ ነበር። በ1834 የልብስ ሰፊዎችን አድማ ተቀላቅሎ ሥራውን አጣ። በ1848፣ በ60 ዓመቱ፣ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት እሱም ታዝማኒያ ተጋዘ። ምሕረት ሲደረግለት አልተመለሰም። እዚያው እየሰፋ ለሠራተኞች መብት መናገሩን ቀጠለ።

ፈርገስ ኦኮነር ወረቀታችሁን ያስቸግራል፤ ጠበቃና ባለመሬት ነውና። ታዲያ ሠራተኛው ለምን ተከተለው? ጋዜጣው ኖርዘርን ስታር ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ንግግሩን ስታገኙ እናንተም ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ያኔ ይገባችኋል። በ1841 ከዮርክ እስር ቤት ሲወጣ ደግሞ ፈስቲያን ለብሶ ነበር፣ ሠራተኛው የሚለብሰውን ሻካራ ጨርቅ።

አሁን ወደ ክፍፍሉ ተመለሱ። የሁሉም ጥያቄ ያው የቻርተሩ ስድስት ነጥቦች ነበሩ። የ1842ቱ አቤቱታ ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ይዞ ስለነበር በፓርላማው በር አልገባ ብሎ ማቀፊያውን መፍታት ግድ ሆነ። ፓርላማው ግን አልተቀበለውም።

መጨረሻ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ የሞቱበትን ዓመት። ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱ፣ በሚስጥር ድምፅ መስጠት፣ በብሪታንያ ሕግ የሆነው በ1872 ነው። ላቬትና ፍሮስት በ1877 ስለሞቱ ደርሰውበታል። ከፊ የሞተው በ1870 ነው። እሱ የተጋዘባት ታዝማኒያ ግን ይህንን መብት በ1856 ሰጥታ ነበር።