ልጃችሁ ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት፦ የጉበት ቫይረስና የኤችአይቪ ምርመራ እንዴት ይደረጋል?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሌላ ሆስፒታል ልጅ ለኦፕራሲዮን ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ከሚታዘዙት የደም ምርመራዎች መካከል ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ (ሁለቱ የጉበት ቫይረሶች) እና ኤችአይቪ ሊኖሩ ይችላሉ። ወረቀቱን አይቶ የሚደነግጥ ወላጅ ብዙ ነው። «ልጄ ምን ሠርቶ ነው?» ይላል። ልጁ ምንም አልሠራም። ሦስቱም በደም የሚተላለፉ ቫይረሶች ናቸው። ልጅ ላይ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ይችላሉ። ምርመራው ከማንም በላይ የሚጠቅመው ልጁን ነው።

1. ወረቀት ሰብስቡ

የክትባት ካርዱን ያዙ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በፔንታቫለንት (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከል ክትባት) ውስጥ ተካቶ በ6ኛ፣ በ10ኛ እና በ14ኛ ሳምንት ይሰጣል። እናት በእርግዝና ክትትል ጊዜ የተመረመረችበት ውጤት ካለም ጨምሩበት። ከአጋሮ ወይም ከቦንጋ የሚመጣ ሰው ካርድ ረስቶ ከተመለሰ ቀኑ ባከነ ማለት ነው።

2. ሳትደብቁ ተናገሩ

ልጁ ደም ተሰጥቶት ያውቃል? እንጥሉ ተቆርጧል? ግግ ወጥቶለታል? ቤት ውስጥ ነው የተገረዘው? አንድ ምላጭ ለብዙ ልጅ ከዋለ አደጋ አለው። ሐኪሙ ይቆጣናል ብላችሁ አትተዉት። ሰው ፊት መናገር ከከበዳችሁ «ሲስተር፣ ለብቻ እናውራ» በሉ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ በሚቀላችሁ ቋንቋ ጠይቁ። ፈቃድ የምትሰጡት እናንተ ስለሆናችሁ፣ የትኛው ምርመራ ለምን እንደታዘዘ የማወቅ መብት አላችሁ።

3. ደም ሲቀዳ

ለነዚህ ምርመራዎች መጾም አያስፈልግም። ለማደንዘዣ የሚታዘዘው ጾም ሌላ ነው። ልጁን «አያምህም» አትበሉት፤ ትንሽ ይወጋል፣ ቶሎ ያልቃል በሉት። የሚጠባ ከሆነ እየጠባ ቢቀዳ ሕመሙ ይቀንስለታል። መርፌው አዲስ ሆኖ እፊታችሁ ሲከፈት እዩ።

4. ውጤቱን ከዕድሜው ጋር አንብቡ

ብዙ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ጋ ነው። ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚሠራው ነገር) በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። ስለዚህ የተለመደው የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ቢል እንኳ ልጁ ተይዟል ማለት አይደለም። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ፒሲአር መሠራት አለበት። የሄፓታይተስ ሲ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራም እንዲሁ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ግን የቫይረሱን አካል ስለሚፈልግ በእናት ፀረ እንግዳ አካል አይምታታም። ሆኖም ልጁ በቅርብ ሳምንታት ክትባቱን ወስዶ ከሆነ ተናገሩ፤ ክትባቱ ራሱ ለጥቂት ጊዜ ፖዘቲቭ ሊያስመስለው ይችላል።

ኔጌቲቭም ቢሆን፣ ቫይረሱ የገባው በቅርቡ ከሆነ ላይታይ ይችላል። ለዚህ ነው ጤና ባለሙያ የማንንም ደም ቫይረስ እንዳለበት ቆጥሮ የሚጠነቀቀው።

5. ፖዘቲቭ ከሆነ

ውጤቱ ኦፕራሲዮን መከልከያ አይደለም። ቀን ከተቀየረ ምክንያቱን ጠይቁ። ቀጥሎ ማረጋገጫ ምርመራ ይሠራል። ሄፓታይተስ ሲ ዕድሜያቸው 3 ዓመት ለሞላ ልጆች ጭምር በጥቂት ወራት መድኃኒት የሚድን ሆኗል። ኤችአይቪ ከተረጋገጠ ሕክምናው ሳይውል ሳያድር ይጀመራል። ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች ወዲያው መድኃኒት ባያስፈልጋቸውም ቋሚ ክትትል ግን የግድ ነው፤ በሕፃንነት ከተያዙ 10 ልጆች 9ኙ ገደማ ሥር የሰደደ ይሆንባቸዋል።

«ጉበት አለበት» ሲባል ወደ ባህል መድኃኒት መሮጥ የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። አንዳንዱ ቅጠል ጉበቱን ራሱን ይጎዳል።

ሰሃኑን አትለዩበት። አብሮ መብላትና ማቀፍ አንዱንም ቫይረስ አያስተላልፍም። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ ይሁን። እናት፣ አባትና ወንድም እህቶቹ ይመርመሩ። ሄፓታይተስ ቢ የሌለባቸውና ያልተከተቡት ደግሞ ክትባቱን ይጠይቁ።