ግራጫውም መልስ ነው፤ ወርድል ስንጀምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ወርድልን የጀመርኩት በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ምክንያት ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በየቀኑ አረንጓዴ፣ ቢጫና ግራጫ ካሬዎች ትልክ ነበር። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳትና ገባሁበት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ሳላገኘው ነበር የማድረው። እንግሊዝኛ ያጠረኝ መስሎኝ ነበር። ችግሩ ግን ሌላ ነው፤ ጨዋታው የሚነግረኝን አላዳምጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጓደኞቼን አስጀምሬያለሁ፤ የሚሳሳቱትም ያው እኔ የተሳሳትኩበት ላይ ነው።

ለማታውቁት፣ በየቀኑ አምስት ፊደል ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይደበቃል። ስድስት ሙከራ አላችሁ። ቃል ጽፋችሁ ስታስገቡ፣ ትክክለኛ ቦታው ላይ ያረፈ ፊደል አረንጓዴ ይሆናል። ቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታውን የሳተ ቢጫ ይሆናል። ከነጭራሹ የሌለ ግራጫ ይሆናል። ጨዋታውን የሠራው ጆሽ ዋርድል የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፤ የቃላት ጨዋታ ለምትወደው ፍቅረኛው ለፓላክ ሻህ ብሎ ነው የሠራው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለሁሉም ክፍት አደረገው። ኖቬምበር 1 ቀን 90 ሰው ብቻ ነበር የተጫወተው። በሁለት ወር ውስጥ ቁጥሩ 300,000 ደረሰ። በጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ኒውዮርክ ታይምስ ገዛው።

ግራጫ ሲመጣ መደንገጥ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጀማሪ አምስት ግራጫ ካሬ ሲያይ ሙከራው የባከነ ይመስለዋል። ከዚያ ይቸኩልና ያንኑ ግራጫ ፊደል መልሶ ይጽፋል። አሁን በእውነት አንድ ሙከራ ባከነ።

እስቲ አስቡት። ጨዋታው ሲጀመር ለመልስነት የተመረጡት ቃላት 2,300 ያህል ነበሩ። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚገቡ አምስት ፊደሎችን ሞክራችሁ አምስቱም ከሌሉ፣ ከእነዚያ ቃላት አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ወደቁ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ወሬ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ጥያቄ ነው፤ «የለም» የሚለውም መልስ ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ከታች ያለውን ኪቦርድ እዩ። የጠቆረውን ፊደል አትንኩ።

የመጣላችሁን ቃል መጀመሪያ መጻፍ

በመልሶቹ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፊደል ኢ ነው። ቀጥሎ ኤ፣ አር፣ ኦ፣ ቲ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤስ እና ኤን ይመጣሉ። የመጀመሪያ ቃላችሁን ከእነዚህ ሥሩት። «ክሬን» እና «ስሌት» (የጥቁር ድንጋይ ሰሌዳው) ጥሩ ናቸው። ብዙ ሰው «አዲዩ» የምትለዋን ቃል ይወዳታል፤ አራት አናባቢ አለባት። እኔ አልመክራትም። አናባቢ አብዛኛው ቃል ውስጥ ስለሚገባ መኖሩን ማወቅ ብዙ አይለይም። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎቹ ናቸው።

በእኛ ፊደል ማሰብ

ይሄኛው የእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ነው፤ የእንግሊዝኛ ምክሮች ውስጥ አታገኙትም።

እኛ ማንበብ የተማርነው ሀ ሁ ብለን ነው። አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟል። ስለዚህ ቃል ስናስብ በድምፅ ነው የምናስበው። «ክሬን» ለእኛ ሦስት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ነው፤ መጨረሻው ላይ የማይሰማ ኢ አለ። ያ የማይሰማው ኢ ነው ጀማሪውን የሚጥለው። የወርድል መልሶች ከሌላው ፊደል ሁሉ ይልቅ የሚያልቁት በኢ ነው፤ ቀጥሎ በዋይ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኤስ ይበዛል።

ሸ እና ቸም እንዲሁ ናቸው። ለእኛ አንድ ፊደል፣ ለእነሱ ሁለት። ኤች ቢጫ ሆኖ ከመጣ ብቻውን አትፈልጉት፤ ኤስ፣ ሲ ወይም ቲ ከፊቱ አስቀምጣችሁ ሞክሩ። «ናይፍ» ስትሉ መጀመሪያው ላይ ድምፅ የሌለው ኬ እንዳለም አትርሱ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በወረቀት ላይ አምስት ሰረዝ አስምሩና ፊደሎቹን በየቦታቸው ጻፉ። ጆሯችሁን ትታችሁ በዓይናችሁ ፈልጉ።

(ጨዋታው በእኛ ፊደል ቢሠራስ የሚለው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እነሱ 26 ፊደል ነው ያላቸው፤ የእኛ መደበኛው ገበታ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። «ለ» ብላችሁ መልሱ ውስጥ ያለው «ላ» ቢሆን ግራጫ ሊሆን ነው። ሌላ ዓይነት ጥቆማ መፍጠር የግድ ይላል።)

ፊደል እንደሚደገም መርሳት

ይህም ከጽሕፈታችን የመጣ ነው። አማርኛ ሲጠብቅ አይጻፍም። በዓሉ ገና ጠብቆ ይነበባል፤ «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ፊደሉን ደግሞ ይጽፋል። «አፕል» ውስጥ ሁለት ፒ አለ፤ «ሄሎ» ውስጥ ሁለት ኤል። የእኛ ዓይን ይህን ስላልለመደ፣ አንድ ፊደል አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ሌላ ቦታም ሊኖር ይችላል ብለን አንጠይቅም። አራት ሙከራ አልቆ የሚሆን ቃል ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን።

ቀለሙም እዚህ ላይ ያደናግራል። «ስፒድ» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል፤ ሁለት ኢ አለው። አንዱ ኢ ቢጫ፣ ሌላው ግራጫ ሆኖ መጣ። ብዙ ጀማሪ «ጨዋታው ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። ኢ አለ፣ ግን አንድ ብቻ ነው እያላችሁ ነው።

ቢጫውን እዚያው መመለስ

አጭር ነው። ቢጫ ማለት «አለ፣ ግን እዚህ አይደለም» ማለት ነው። ቦታውን ቀይሩ።

አራቱ አረንጓዴ ሲሆኑ መቸኮል

ልቤ በጣም የሚያዝነው በዚህ ሲሸነፉ ነው፤ ምክንያቱም አሸንፈው ነበር። የመጨረሻዎቹ አራት ፊደሎች አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ሆነው ተገኙ እንበል። ሦስት ሙከራ ቀርቷል። ደስ ይላል፤ ግን ተረጋጉ። ላይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ፋይት፣ ማይት፣ ሳይት፣ ታይት፣ ኤይት፤ የተለመዱት ብቻ ስምንት ናቸው። አንድ በአንድ ከሄዳችሁ የምትሞክሩት ሦስቱን ነው። አምስቱ ይቀራሉ።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ። አረንጓዴዎቹን ለጊዜው ተዉና «ፊልምስ» ብላችሁ ጻፉ። መልስ ሊሆን እንደማይችል ታውቃላችሁ። ግን ኤፍን፣ ኤልን፣ ኤምን እና ኤስን በአንድ ጊዜ ይጠይቅላችኋል። አንዳቸው ከበሩ መልሱ ታወቀ። ካልበሩ «ግሪን» ጻፉ፤ አርን፣ ኢን እና ኤንን ይጠይቃል። ከእነሱም አንድም ካልበራ የቀረው ታይት ብቻ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ስምንቱም ውስጥ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ትጽፋላችሁ። እኔ ይህን የተረዳሁ ቀን ጨዋታው ሌላ ሆነብኝ።

ሴቲንግ ውስጥ ያለው ሃርድ ሞድ ይህን ይከለክላል፤ የተገኘ ፊደል ሁሉ በሚቀጥለው ሙከራ ውስጥ የግድ መግባት አለበት። ስለዚህ ጀማሪ ባያበራው ይሻላል።

በነገራችን ላይ እንደ «ፊልምስ» ያለ በኤስ የተበዛ ቃል ለመሞከሪያ ይቀበላችኋል እንጂ በአብዛኛው መልስ ሆኖ አይመጣም። የመጨረሻ ሙከራችሁን አታውሉበት።

የእንግሊዝን አጻጻፍ መጠበቅ

መልሶቹ በአሜሪካ አጻጻፍ ናቸው። «ከለር»ን በዩ መጻፍ የለመደ ሰው ስድስት ፊደል ነው ብሎ ያልፈዋል። ለአሜሪካኖች አምስት ነው። «ፌቨር» (ውለታ) እና «ሂዩመር»ም እንደዚያው።

መቸኮልና መልሱን ማውጣት

ሰዓት የሚቆጥርባችሁ የለም። ሁለት ሞክራችሁ ስልኩን አስቀምጡ፤ ቡና አፍልታችሁ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ ቃሉ የሚመጣው ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሌላ ነገር ስታስቡ ነው።

ስታገኙት ደግሞ ካሬዎቹን ብቻ ላኩ እንጂ ቃሉን አትጻፉ። አዲሱ ቃል የሚወጣው በየአገሩ እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ስለሚቀድም፣ እኛ ቃሉን ስናገኝ እዚያ ገና የትናንቱ ላይ ናቸው። እህቴን አንድ ቀን በዚህ አስቀይሜያት አውቃለሁ። ስለ ቃሉ ማውራት ካማራችሁ በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቁ። ያኔ እዚያም ቀኑ ተቀይሯል። ከዚያ በፊት ግን እሷ ራሷ ካሬዎቿን እስክትልክ ዝም በሉ።